ለሁሉም አራት ዋት

በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ሲቢ የሚባለውን የመነጋገሪያ ሬዲዮ የጫነ ሹፌር ሁሉ የተፈቀደለት ጉልበት እኩል ነው። ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ትራክ ቢነዳም፣ አሮጌ ፒክአፕ ቢያንገጫግጭም፣ በኤኤም ሲናገር ከ4 ዋት እንዳያልፍ ሕግ ይዞታል። ትንሿ የስልክ ቻርጀር እንኳ 5 ዋት ትሰጣለች። ያም ሆኖ አንዱ ከአምስት ስድስት ማይል ወዲያ ያለውን ሰው አጠገቡ የተቀመጠ ያህል ሲያነጋግር፣ ሌላው ከፊቱ የሚሄደው ተሳቢ እንኳ አይሰማውም። ጉልበቱ እኩል ከሆነ ልዩነቱን የሚያመጣው የእጅ ሥራ ነው፤ አንቴናውን የጠመጠመው፣ ኬብሉን የበየደው፣ ቡሎኑን ያጠበቀው ሰው ሥራ።

ሲቢ በዛሬው መልኩ የተጀመረው የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የ27 ሜጋኸርዝን መስመር ለሕዝብ በከፈተበት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ተከስቶ የፍጥነት ወሰኑ ወደ 55 ማይል ሲወርድ፣ የትራክ ሹፌሮች ነዳጅ የት እንዳለና ፖሊስ የት እንደቆመ የሚነጋገሩበት ዋና መሣሪያ ሆነ። በ1977 ቻናሎቹ ከ23 ወደ 40 አደጉ። ዛሬ ፈቃድ አያስፈልገውም። ቻናል 9 ለድንገተኛ አደጋ የተለየ ሲሆን፣ የሹፌሮቹ መገናኛ ቻናል 19 ነው። ትራክ የሚነዱ የአገራችን ልጆች እርስ በርስ በስልክ እየተጨዋወቱ ረጅሙን መንገድ ይገፉታል፤ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን በክረምት በዋዮሚንግ በኩል፣ ከላራሚ እስከ ሮውሊንስ ባለው ኢንተርስቴት 80 ላይ፣ ነፋሱ በረዶውን እየጠረገ መንገዱን ሲሸፍነው፣ «ግማሽ ማይል ላይ ተሳቢ ታጥፎ መንገድ ዘግቷል፣ ቀስ በሉ» የሚለው ቃል ቀድሞ የሚመጣው ከማናውቀው ሹፌር አፍ ነው። እሱ ደግሞ የእኛ ስልክ ቁጥር የለውም።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። የሲቢ ሞገድ ርዝመት 11 ሜትር ያህል ነው። ጥሩ አንቴና የዚህ ሩብ፣ ማለትም 2.75 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ለዚህም 102 ኢንች ወይም 2.59 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ይሠራል፤ የጎደለውን ከሥሩ የሚገባው ሞላ ይሞላዋል። በአሠራር ከዚህ የቀለለ፣ በውጤት ከዚህ የሚበልጥ የመኪና አንቴና ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ ቁመቱ ነው። ከፍታው ከ4 ሜትር በላይ በሆነ ትራክ ላይ ይህን ዘንግ ቢተክሉት የመጀመሪያው ድልድይ ይቀጨዋል። ስለዚህ አንቴናው ማጠር አለበት፤ ያጠረው ርዝመት ደግሞ በተጠመጠመ ሽቦ መካካስ አለበት። ጥበቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ፋየርስቲክ የሚባለውን አንቴና በእጃችሁ ይዛችሁ ተመልከቱት። ውስጡ የፋይበር ግላስ ዘንግ ነው፤ በዘንጉ ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞበት ከላይ በላስቲክ ልባስ ተሸፍኗል። ጣታችሁን ከታች ወደ ላይ ስታስኬዱት ጥምጥሙ እኩል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ከታች የተራራቀው ሽቦ ወደ ጫፉ ሲደርስ ጥቅጥቅ ይላል። ለጌጥ የተደረገ አይደለም። ከፍተኛው ኤሌክትሪክ የሚፈሰው በአንቴናው ሥር ስለሆነ፣ ሞገዱን በብዛት የሚረጨው የታችኛው ክፍል ነው። ሠሪው ያን ክፍል በተቻለው መጠን ቀጥ አድርጎ ትቶ ጥምጥሙን ወደ ላይ ገፋው። ጫፉ ላይ ያለችውን ቆብ ብታነሡ ትንሽ ማስተካከያ ታገኛላችሁ፤ እሷን በማዞር ብቻ የአንቴናውን ልክ መሙላትም ማጉደልም ይቻላል። መጋዝ የሚያስፈልገውን ሥራ ወደ ሁለት ጣት ሥራ አወረዱት።

ዊልሰን 1000 ደግሞ ጥምጥሙን ከሥሩ ላይ አድርጎ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ሽቦው ወፍራም መዳብ ነው፤ ከላዩ ብር ተቀብቷል። በ27 ሜጋኸርዝ ኤሌክትሪክ በሽቦው መሐል አይሄድም፤ ገጽ ገጹን፣ ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ እምብዛም በማይበልጥ ጥልቀት ይፈስሳል። ስለዚህ ገጹ ሰፊ እንዲሆን ሽቦው ወፈረ፤ ገጹ ጥሩ አስተላላፊ እንዲሆን ብር ተቀባ። ብሩ ያለው ኤሌክትሪኩ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

የአንቴናው ሌላው ግማሽ የመኪናው አካል ነው። ከሥሩ ብረት ከሌለ ሞገዱ የሚደገፍበት ያጣል። በጣሪያው መሐል የተተከለ አንቴና በአራቱም አቅጣጫ ተቀራራቢ ድምፅ ይሰጣል፤ በኋላ ፓራውልት ማዕዘን ላይ የታሰረ ግን ብረቱ ወደበዛበት ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ያደላል። በብዙ ትራኮች አካሉ አልሙኒየም ወይም ፋይበር ግላስ ስለሆነ ማግኔት አይይዝም፤ ስለዚህ አንቴናው በስፖኪዮ ብረት ላይ ይታሰራል። ግራና ቀኝ ሁለት አንቴና ማሰር የሚያምረውም ያለ ምክንያት አይደለም። የጥንዶቹ ርቀት ወደ 2.75 ሜትር ሲጠጋ ወደፊትና ወደኋላ ይጠነክራሉ፤ የአሜሪካ ትራክ የተፈቀደለት ስፋት ደግሞ 102 ኢንች ነው፣ ልክ እንደዚያ ረጅም ዘንግ። ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ባለው ፒክአፕ ላይ ግን ጥንድ አንቴና ከጌጥ ብዙም አያልፍም።

በስፖኪዮው ላይ ያለውን እሥር ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጥሩ ሠራተኛ ቀለሙን እስከ ብረቱ ይፍቃል፤ ከዚያ ባለ ጥርስ ሮንዴላ ያስገባል፤ ጥርሶቹ ብረቱን ነክሰው ይይዙታል። ከላይ የምትገባው ነጭ የናይለን ሮንዴላ አንቴናውን ከአካሉ ታለያያለች። እሷ ቦታዋን ከሳተች አንቴናው በቀጥታ ከመኪናው ብረት ጋር ይገናኛል፤ ዋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል። የጥቂት ሳንቲም ዕቃ ናት፤ የተሰነጠቀችውን ሳይቀይር ዳዶውን የሚያጠብቅ ሰው አትመኑ።

አሁን ኬብሉ። ለአንድ አንቴና ልኩ 50 ኦም ነው፤ አርጂ-8ኤክስ የሚባለው ከቀጭኑ አርጂ-58 ያነሰ ኪሳራ አለው። ግን የሙያው መፈተኛ ጫፉ ነው። በኮኔክተሩ አንገት ዙሪያ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የውጪው የሽቦ መረብ በእነሱ በኩል በሶልደር ይያዛል። በደንብ የተሠራው ሶልደር የሚያብረቀርቅ፣ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ የተኛ ነው፤ በችኮላ የተሠራው ደብዝዞ እንደ ጠብታ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ብረቱ በሚገባ ካልጋለ ሶልደሩ አይይዝም፤ ከልክ በላይ ከቆየበት ደግሞ ውስጡ ያለው ላስቲክ ይቀልጥና መሐለኛው ሽቦ ወደ ጎን ይሸሻል። ከመረቡ አንዲት ክር መሐለኛውን ከነካች ሥራው ተበላሸ። በዚያ ጠባብ ጊዜ ውስጥ እጁን የሚያነሣ ሰው ሙያውን ያውቃል።

ሬዲዮው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይመጣል። ኮብራ 29 ለብዙ ዓመታት በሹፌሮች ዘንድ የቆየው በውበቱ አይደለም። መርፌው በጨለማ ቁጥር ሳይነበብ ትርጉሙ ይታያል፤ ቁልፎቹ ዓይን ከመንገድ ሳይነሣ በእጅ ይለያሉ፤ የአንቴናውን ልክ የሚለካበት መሣሪያም አብሮት ተሠርቷል። ሩቅ መድረስ የሚሻ ደግሞ ኤስኤስቢ የሚባለው የማስተላለፊያ ስልት ያለውን፣ ለምሳሌ ዩኒደን 980ን ይመርጣል፤ በዚያ ስልት የተፈቀደው ጉልበት 12 ዋት ይደርሳል። የኤሌክትሪክ መስመሩን በፊውዝ አድርጎ ከባትሪው በቀጥታ መውሰድ ጥሩ ነው፤ የዲናሞው ጩኸት ይቀንሳል።

ሥራው ከአንቴናው የሚመለሰውን ጉልበት በሚያሳየው በኤስደብሊውአር መለኪያ ይፈረዳል። 3 ካሳየ ከተላከው ጉልበት ሩቡ ተመላሽ ነው፤ መናገሪያውን አትጫኑ። 1.5 ከሆነ የሚመለሰው 4 በመቶ ብቻ ነው። ቻናል 1 ከቻናል 40 በልጦ ከተገኘ አንቴናው አጥሯል፤ 40ው ከበለጠ ረዝሟል። ይህን ሳይለካ «ጨርሻለሁ» የሚል ሰው አልጨረሰም።

ስለዚህ ለመግዛት ስታስቡ ገንዘባችሁን አስቀድማችሁ ለአንቴናውና ለማሰሪያው፣ ቀጥሎ ለኬብሉ፣ በመጨረሻ ለሬዲዮው መድቡ። ብዙ ሰው የሚገዛው በተቃራኒው ነው። የሚገጥምላችሁን ሰው ስትመርጡም ስለ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የበየደውን አንድ የኬብል ጫፍ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።