«ኃይለኛ ውሻ አለ»

በአዲስ አበባ የአጥር በሮች ላይ ደጋግሞ የሚነበብ ጽሑፍ ቢኖር «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ነው። ከበሩ ጀርባ ሌላ ማን እንዳለ ግን አይጻፍም። ሲያንኳኩ ብዙ ጊዜ የሚወጡት አንዲት አሮጊት ወይም አንድ ጡረተኛ ናቸው። ልጆቹ አድገው ግማሹ ኮንዶሚኒየም፣ ግማሹ ዋሽንግተን ገብቷል። ግቢው ውስጥ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሽማግሌውና ውሻው።

ውሻው እንዴት መጣ? ልጆች ይመካከራሉ። «እማዬ ብቻዋን ናት፤ ሌባ ቢገባስ?» አንዱ ገንዘብ ይልካል፣ አንዱ ቡችላ ይገዛል፣ ሁሉም እፎይ ብሎ ወደየጉዳዩ ይመለሳል። ዘበኛ ደመወዝ ይጠይቃል፤ ውሻ አይጠይቅም። ልጅ ጊዜ የለውም፤ ውሻ አለው። እንዲህ እንዲህ እያልን የልጁንም የዘበኛውንም ሥራ ለአንድ ቡችላ አሸከምነው።

ፈረንጆቹ በዚህ ጉዳይ ብዙ አጥንተዋል። በእነርሱ አቆጣጠር በ2017 የ3.4 ሚሊዮን ስዊድናውያንን መዝገብ ያገላበጡ ተመራማሪዎች፣ ብቻቸውን ከሚኖሩት መካከል ውሻ ያላቸው ሰዎች ውሻ ከሌላቸው ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ33 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። በዚያው ዓመት እንግሊዝ አገር የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ 65 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ የውሻ ባለቤቶች ከእኩዮቻቸው በቀን 22 ደቂቃ ያህል አብልጠው እንደሚራመዱ አሳይቷል።

ይህን የሰማ ሰው «እሰይ! እንግዲያው ለአባባም እንግዛላቸው» ማለቱ አይቀርም። ቆይ ግን! ጥናቶቹ ራሳቸው ዕድሜ ያስረዘመው ውሻው ነው ብለው አይምሉም፤ ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ነው ውሻ ለማሳደግ የሚበረታ ሊባልም ይችላል። ግልጹ ነገር የዚያ አገር ሽማግሌ ከውሻው ጋር ከቤት የሚወጣበት ምክንያት ማግኘቱ ነው። ቢዘንብም ቢበርድም ውሻው በሩ ላይ ቆሞ ያላዝናል፤ ሰውየው ካፖርቱን ደርቦ ይወጣል። መንገድ ላይ እንደሱ ውሻ የያዘ ሰው ያገኛል፤ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ነገ ደግሞ ይገናኛሉ።

የእኛ ውሻ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይፈታል። ማንም ይዞት ወጥቶ አያውቅም። ታስሮ ያደገ ውሻ ደግሞ ሰው አይለምድም። ለቡና የተጠራች ጎረቤት ከደጅ ትቆማለች።

«እትዬ፣ ውሻው ታስሯል?»

«ታስሯል፣ ግቢ!»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ሁለት ሦስቴ ነፍሷ ከተገፈፈ በኋላ ቡናው ሌላ ቤት ይሆናል። ሌባ ሊከለክል የመጣው ውሻ ጠያቂ ከለከለ። ሌባ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ ጎረቤት ግን በየቀኑ ትመጣ ነበር።

የዕለቱም ጣጣ ቀላል አይደለም። ድሮ ከገበታ የተረፈ እንጀራ ለውሻ ይበቃ ነበር፤ ብቻውን ከሚበላ ጡረተኛ ገበታ ግን ምን ይተርፋል? ሁዳዴ ሲገባ ብዙው ሉካንዳ ይዘጋል፤ ውሻውም 55 ቀን አብሮ ይጾማል። ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ የወጡ እናት ነጠላቸውን ከነካባቸው ተመልሰው ሌላ ይለብሳሉ፤ ሙስሊሞቹም ምራቁ ያረፈበትን ልብስ ሳያጥቡ አይሰግዱበትም። ጉልበታም ውሻ ደግሞ ሽማግሌ ለመጣል አንድ ዝላይ ይበቃዋል። በአሜሪካ ውሻ በገመድ ይዘው ሲሄዱ አጥንታቸው ተሰብሮ ድንገተኛ ክፍል የገቡ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በ2004 1,671 ያህል ነበሩ፤ በ2017 4,396 ደርሰዋል። የእብድ ውሻ በሽታስ? ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ መከላከያው ውሻውን ማስከተብ ነው። ታዲያ ያንን የሚያህል እንስሳ ጎትተው ክሊኒክ የሚወስዱት እኒያ አሮጊት ናቸው?

ይህን ሁሉ የምለው አረጋውያን ውሻ አይኑራቸው ለማለት አይደለም። ቋንቋችን ለውሻ አይራራም፤ በከንቱ የፈሰሰ ደም «ደመ ከልብ» ይባላል። ግን በመጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው አብሮት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴም በስተርጅና ሉሉ የሚባል ትንሽ ውሻ ነበራቸው። እናቶቻችንም ቢሆኑ ሰው በሌለበት «ምነው ዛሬ ሳትበላ?» እያሉ ያወሩታል፤ እንግዳ ሲመጣ «ሂድ፣ ወግድ!» ይሉታል። ጠዋት ከአልጋ የሚነሡት አንዳንዴ ለእሱ ሲሉ ነው። የሞተ ዕለት ግን ተደብቀው ያለቅሳሉ፤ «ለውሻ አለቀሱ» እንዳይባሉ። ለዚህ ሐዘን ድንኳን የሚተክል ዕድር የለም። ቢያንስ ልጆች ስልክ ደውለው «እግዜር ያጥናሽ» ቢሉ ምን ነበር?

ለወላጁ ውሻ የሚገዛ ልጅ እንግዲህ ግዢውን ብቻ አይቁጠር። ትልቁንና ቁጡውን ትቶ ትንሹንና ገራሙን ይምረጥ። ሰው እንዲለምድ ከቡችላነቱ ያስለምደው። የክትባቱን ቀን ራሱ ይያዝ። ቡና ሲፈላ ውሻው የሚቆይበት ቦታ ከጓሮ ይሥራለት፤ ጎረቤት እንዳይቀር። በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ወላጁንም ውሻውንም ይዞ እስከ መንገዱ ጫፍ ይራመድ። ያ 22 ደቂቃ ለእሱም ቢሆን አይጎዳውም።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። በዚያ ግቢ ከውሻው በፊት የበላን እኛ ልጆቹ ነን። የእኛ ድምፅ በዚያ ደጅ ከተሰማ ስንት ጊዜ ሆነው?