የስካይሪም አሮጌ ልብሶች፦ አንድ ቁልፍ መጫን ማደስ ይባላል?

ስካይሪምን በኮምፒውተር የተጫወታችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ከዓመታት በፊት የተሠራ ቆንጆ ካባ ወይም ጥሩር ታገኛላችሁ፣ ታወርዳላችሁ፣ ገጸ ባሕሪያችሁን ታለብሳላችሁ፤ ጨዋታው ድርግም ብሎ ይዘጋል። ወይም ልብሱ ይመጣና ከላይ እስከ ታች ወይን ጠጅ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ከትከሻው ላይ እሾህ መሳይ ነገር ይወጣና እስከ ሰማይ ይዘረጋል። ምክር ስትጠይቁ መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «በኦፕቲማይዘር አሳልፈው፣ ይስተካከላል።» እኔ ይህ ምክር አይዋጥልኝም። ውሸት ሆኖ አይደለም። ግን የሚነግራችሁ ቀላሉን ግማሽ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደተቀየረ እንይ። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ነበር። ይህ ማለት የሜሞሪ አድራሻ የሚጽፈው በ32 ቦታ ላይ ዜሮ ወይም አንድ እየደረደረ ነው። እንዲህ ሊጻፉ የሚችሉት አድራሻዎች ቢቆጠሩ 4,294,967,296 ናቸው፤ አራት ጊጋባይት መሆኑ ነው። ኮምፒውተራችሁ 16 ጊጋ ራም ቢኖረውም ጨዋታው ከአራቱ በላይ ማየት አይችልም። ሞድ በሞድ ላይ ሲደራረብበት ይታፈን የነበረው አንድም በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 የወጣው ስፔሻል ኤዲሽን ወደ 64 ቢት ተሸጋገረ፤ ከዳይሬክትኤክስ 9ም ወደ 11 ሄደ። ለተጫዋቹ ትልቅ ውለታ ነው። ለአሮጌ ልብስ ግን ቤቱ ሳይፈርስ በሩ እንደተቀየረበት ሰው ሆነበት።

የስካይሪም ልብስ ቅርጹ የሚቀመጠው ኒፍ በሚባል ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉ ውስጥ ነጥቦች አሉ፤ ነጥቦቹን የሚያያይዙ ጎነ ሦስቶች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ወደ የት እንደሚመለከት የሚናገር አቅጣጫ አለ። በድሮው አጻጻፍ ይህ አቅጣጫ ሦስት ቁጥር ሆኖ እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ይወስድ ነበር፤ በጠቅላላ 12። በአዲሱ እያንዳንዱ ቁጥር 1 ባይት ብቻ ነው፤ በጠቅላላ 3። አሥር ሺህ ነጥብ ያለው ካባ ለአቅጣጫ ብቻ 120,000 ባይት ይወስድ የነበረው አሁን 30,000 ይበቃዋል። ዓይናችሁ ልዩነቱን አያየውም፤ ጨዋታው ግን ይቀለዋል። ድሮ ቅርጹና የነጥቦቹ መረጃ በሁለት ሣጥን ይቀመጡ ነበር፤ በአዲሱ አደራደሩ ሌላ ነው። በፋይሉ መግቢያ ላይ ያለው ቁጥርም ከ83 ወደ 100 ተቀይሯል።

ኦፕቲማይዘር የሚባሉት መሣሪያዎች ይህን ነው የሚሠሩት፦ አሮጌውን ሣጥን ከፍተው ዕቃውን በአዲሱ አደራደር ያስቀምጣሉ። ይህንንም በሚገባ ይሠራሉ፤ ካቴድራል አሴትስ ኦፕቲማይዘር ሙሉ ፎልደር ተሰጥቶት በአንድ ጊዜ ይጨርሳል። እንዴት ቻሉ ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ኒፍቱልስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ፋይሉን ባይት በባይት እየፈታ ምን የት እንዳለ ስለመዘገበ ነው። ሞደሮች የፋይሉን ትርጉም የተማሩት በዋናነት ከእነዚህ ሰዎች እንጂ ከጨዋታው ሠሪ ከቤተስዳ አይደለም። ቅር የሚለኝም ይኸው ነው። ሞዶች ጨዋታውን ከአሥር ዓመት በላይ በሕይወት ሲያቆዩለት፣ ኩባንያው በሩን ሲቀይር ቢያንስ የቁልፉን ቅርጽ መንገር ነበረበት።

አሁን ወደሚቀረው ግማሽ እንምጣ። ያ እሾህ ከየት መጣ? በስካይሪም ውስጥ ከሰውነት ጋር የሚወፍርና የሚከሳ ልብስ ሁለት ፋይል አለው፤ አንዱ ለቀጭን፣ አንዱ ለወፍራም ሰውነት። ገጸ ባሕሪያችሁ መሐል ላይ ከሆነ ጨዋታው የቀጭኑን ነጥብ ቁጥር 500 ከወፍራሙ ነጥብ ቁጥር 500 ጋር ያይና በመሐላቸው ያለውን ቦታ ያሰላል። የሚያገናኛቸው ተራ ቁጥራቸው ብቻ ነው። በአንዱ ፋይል 500ኛው ነጥብ እጅጌው ላይ፣ በሌላው አንገትጌው ላይ ከሆነ ሒሳቡ ልክ ሆኖ ልብሱ ይበላሻል። መሣሪያው ሁለቱን ፋይሎች ለየብቻ ነው የሚያያቸው፤ መንትያ መሆናቸውን ማረጋገጥ የእናንተ ፋንታ ነው። በፊት ቅርጽ ማስተካከያው ላይ የሚመረጥ ፀጉርም እንዲሁ ነው፤ ለራስ ክፍሎች የተለየ ዓይነት ቅርጽ ያስፈልጋል፣ ያንኑ ፀጉር እንደ ባርኔጣ የሚለበስ ካደረጋችሁት ግን ተራው ዓይነት ይበቃል። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሞዱን ከፍቶ ያየ ሰው ነው። ወይን ጠጁ ነገር ቀላል ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ የጨርቁ ሥዕል ፋይሉ በጠቆመው ቦታ የለም፣ ወይም ሥዕሉ ያለው እናንተ ባልጫናችሁት ሌላ ሞድ ውስጥ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ልብሱን በሰውነት ላይ ማስቀመጥ ነው። አሮጌ ልብስ የተሰፋው ለድሮ ሰውነት ነው፤ ዛሬ የምትጠቀሙት የሰውነት ሞድ ሌላ ከሆነ ቆዳ በጨርቁ ውስጥ እያለፈ ይወጣል። ለዚህ አውትፊት ስቱዲዮ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ እኔ ከሁሉም መሣሪያ እርሱን አስበልጣለሁ፣ ምክንያቱም ሥራውን አይደብቅባችሁም። እያንዳንዱ የልብስ ነጥብ ቢበዛ ከአራት አጥንቶች ጋር ይያያዛል፣ ድርሻቸውም ተደምሮ አንድ ይሆናል። ክርን ላይ ያለ ነጥብ ለምሳሌ 0.6 ከላይኛው ክንድ፣ 0.4 ከታችኛው ክንድ ሊወስድ ይችላል። ክንዱ ሲታጠፍ ነጥቡ በዚያ ድርሻ ይጎተታል። ፕሮግራሙ ይህን ድርሻ ከሰውነቱ ላይ በአቅራቢያ ካሉ ነጥቦች እየገለበጠ ለልብሱ ይሰጣል።

ለጠባብ ሸሚዝ ድንቅ ነው። የሐበሻ ቀሚስን የመሰለ ረዥምና ሰፊ ልብስ ስትሰጡት ግን ጉዱን ታያላችሁ። በሁለቱ እግሮች መሐል የተንጠለጠለው ጨርቅ «ቅርብ» የሚለው ሰውነት የለውም፤ ግማሹ ከግራ እግር፣ ግማሹ ከቀኝ እግር ድርሻ ይወስዳል። ገጸ ባሕሪዋ መራመድ ስትጀምር ቀሚሱ ሱሪ ይሆናል። ይህን የሚያስተካክለው ሰው ነው፤ ብሩሹን ይዞ በቀሚሱ መሐል ላይ የግራና የቀኙን ድርሻ እያለሳለሰ፣ እያስራመደ እያየ፣ እንደገና እየሞከረ። እውነተኛ ልብስ ሰፊ «ልበሺውና ተራመጂ» ብሎ የሚያየው እኮ ይህንኑ ነው።

ሌላው የምተቸው ነገር፣ ሁሉንም ብልሽት «አፕዴቱ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። የቱ አፕዴት? እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 አኒቨርሰሪ ኤዲሽን ሲወጣ የኒፍ ፋይሎች አልተነኩም። የተሰበሩት በጨዋታው ዋና ፕሮግራም ውስጥ ያሉ አድራሻዎችን ተማምነው የሚሠሩ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ኤስኬኤስኢ እና በእርሱ ላይ የተደገፉት። ካባችሁ ያኔ መወዛወዝ አቁሞ እንደ ካርቶን ከደረቀ፣ ጥፋቱ ጨርቁን የሚያወዛውዘው ፕሮግራም እንጂ ልብሱ አይደለም። ልብሱን እንደገና ኦፕቲማይዘር ውስጥ መክተት ደህናውን ማበላሸት ነው።

የታኅሣሥ 2023ቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ልብሱን ለጨዋታው የሚያስተዋውቀው ፕለጊን ከአሮጌው ስካይሪም ከመጣ በክሪኤሽን ኪት ከፍቶ ሴቭ ማድረግ ጥሩ ልማድ ነው፤ ውስጡ ያለው የቅጽ ቁጥር ከ43 ወደ 44 ይሻገራል። ነገር ግን በአዲሱ ኪት ሴቭ ካደረጋችሁት መግቢያው ላይ 1.71 ይጻፍበታል፤ ጨዋታቸውን ሆን ብለው በቀድሞው ቁጥር ያቆዩ ብዙ ሰዎች ደግሞ ተጨማሪ ማገናኛ ካልጫኑ በስተቀር 1.70ን እንጂ 1.71ን መጠቀም አይችሉም። አሮጌ ልብስ አድሳችሁ ለሌላው አሮጌ ጨዋታ እንዳይሆን ልታደርጉት ትችላላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የጨዋታችሁንም፣ የኪቱንም ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ።

ፈቃዱስ? ልብሱን የሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ጠፍቷል፤ መልእክት አይመልስም። ኔክሰስ ሞድስ እ.ኤ.አ. በ2021 የተሰረዙ ፋይሎች ከመጥፋት ይልቅ በመዝገብ እንዲቀመጡ ሲወስን ብዙ ደራሲዎች ተቆጡ፤ ሥራቸውን ይዘው የወጡም አሉ። ሁለቱም ወገን የሚለው አለው። እኔ ግን «ደራሲው ስለጠፋ እኔ ለወጥኩት፣ እኔው ልጫነው» የሚለውን አልቀበልም። ቅርጹን የቀረጸው፣ ጥለቱን የሣለው እርሱ ነው፤ እናንተ የቀየራችሁት ሣጥኑን ነው። የሞዱ ገጽ ለሌላ እትም መለወጥን ከፈቀደ ስሙን ጠርታችሁ አውጡት። ካልፈቀደ ለራሳችሁ ተጠቀሙበት፣ ለሌላው ደግሞ የሠራችሁበትን መንገድ ስጡ፦ የትኞቹ ፋይሎች የራስ ክፍል እንደሆኑ፣ የቱ መንትያ ፋይል ቁጥሩ እንዳልገጠመ፣ ቀሚሱ ላይ ድርሻው የት የት እንደለሰለሰ። ዋናውን ሞድ ከራሱ ገጽ ያወረደ ማንኛውም ሰው ያንን ይዞ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጨርሰዋል።