ብስክሌት በቁልቁለት ይለካል

ብስክሌት ነጂ አንገቱን ሲያመው ሁሉም የሚያየው አንገቱን ነው። ወጌሻ ያሸዋል፣ ቅባት ይቀባል፣ ሁለት ቀን ያርፋል፤ ኮርቻው ላይ ሲመለስ ህመሙም አብሮ ይመለሳል። ራስ ዳሽንን ባቀፈችው በየዳና በደባርቅ ጭነት የሚጭን ባለ በቅሎ ነገሩን ከዚህ በተሻለ ያውቀዋል። በቅሎዋ ገጣባ ካወጣች ቁስሉን አክሞ ብቻ አይተዋትም፤ ኮርቻውን አውርዶ ከሥሩ የተነጠፈውን ይዳስሳል፣ ጭነቱ ወዴት እንዳዘመመም ያያል። የብስክሌት ነጂ አንገትም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሌላ ቦታ የተሠራውን ስህተት ነው። በዚህ ደጋ ላይ ደግሞ ያ ስህተት በሜዳ አይታይም፤ የሚጋለጠው በቁልቁለት ነው።

የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ቀጥ ብለን ስንቀመጥ ክብደቱ አከርካሪው ላይ ያርፋል። ደረት ወደ መሪው ሲያዘነብል ግን ጭንቅላት ወደ ፊት ይንጠለጠላል፤ ዓይን መንገድ ማየት ስላለበት አገጭ ቀና ይላል፤ የማጅራት ጡንቻ እንደተኮማተረ ይቆያል። ከጎንደር ተነስቶ በዳባት በኩል ደባርቅ እስኪደርስ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ፣ ዳገቱ ይበዛል፤ ፍጥነት ስለሌለ ጥቂት ሜትር ፊት ማየት ይበቃል። ሊማሊሞ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆረጠው ይህ መንገድ በገደሉ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ አዲአርቃይ ይወርዳል። በ100 ሜትር 8 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ብስክሌቱን ከ4 ዲግሪ በላይ ወደ ፊት ይደፋዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብቻውን አይመጣም። ክብደት ወደ እጅ ይሸሻል፣ ጣት ፍሬኑን እንደጨበጠ ይቀራል፣ ክንድ ይገተራል፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ዓይን ቀጣዩን ጥምዝ ፍለጋ ሩቅ ያያል። ዳባት ላይ ደህና የነበረ አንገት እዚህ ይያዛል።

ማስተካከሉ ከታች ይጀምራል። ኮርቻው ከረዘመ ዳሌ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ነጂው እየተንሸራተተ በእጁ ይደገፋል። ተረከዝ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ልክ የሚዘረጋ ከሆነ ቁመቱ ደህና ነው። ከዚያ በኋላ ነው መሪው። በአሮጌዎቹ የብረት ብስክሌቶች መሪውን የያዘው ዘንግ በብስክሌቱ አንገት ውስጥ የሚጠብቀው በሽብልቅ ነው፤ አናቱ ላይ ያለውን ብሎን ሁለት ሦስት ዙር አላልቶ በእንጨት መታ መታ ሲያደርጉት ሽብልቁ ይለቃል፣ መሪውም ከፍ ይላል። ዘንጉ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ ምልክት ግን ፈጽሞ ብቅ ማለት የለበትም፤ እሱ ከታየ መሪው ቁልቁለት ላይ እጅ ውስጥ ሊቀር ይችላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር፣ ያውም ከ1 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ፣ ተለውጦ ጥቂት ቀን መነዳት አለበት። ሦስት ብሎን በአንድ ከሰዓት የሚያዞር ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

ተወዳዳሪዎች ጎንበስ ብለው ይነዱ የለም ወይ ይባላል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፅጋቡ ግርማይ ቀና ብሎ አልነዳም። ግን እንዲህ ያለው ነጂ የሚጎነበሰው ነፋስን ለማሸነፍ ነው፤ ሰውነቱንም ለዓመታት ለዚያ አሠልጥኗል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሊማሊሞን ለሚወጣ ሰው ነፋስ ዋና ጠላቱ አይደለም። ጥፋቱ የመንገዱ ነው የሚሉም አሉ። ጉድጓድና ጠጠር እንደሚነዝሩ አልክድም፤ ሆኖም ንዝረቱን ማጅራት ድረስ የሚያደርሰው የተገተረ ክንድ ነው፣ ክንድ የሚገተረው ደግሞ መሪው ሲርቅ ነው። ከሁሉም ክብደት ያለው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ መሪ ከፍ ሲል ዳገት ላይ የፊት ጎማ ይቀላል። ይቀላል። ግን ክርኑን አጥፎ ደረቱን ዝቅ ማድረግ ለማንም ይቻላል፤ ዝቅ ያለ መሪን ቁልቁለት መሃል ከፍ ማድረግ ግን አይቻልም። ስለዚህ ለቁልቁለቱ ማስተካከል፣ ለዳገቱ ማጎንበስ። ከመጠን በላይ ከፍ ማድረግም ዋጋ አለው፤ ክብደቱ ሁሉ ወገብ ላይ ይወርዳል። ክንድ ከደነዘዘ ወይም ጣት ከዛለ ግን ጉዳዩ ከብሎን አልፏል፤ ሐኪም ይየው።

ሊማሊሞ ድረስ ሳይሄዱ መፈተኛ አለ። በሁለቱ ጎማዎች መሃል ያለው ርቀት 1 ሜትር ያህል ስለሆነ የኋላውን ጎማ 8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማውጣት 8 በመቶ ቁልቁለት ይሰጣል። ነጂው ግድግዳ አጠገብ ይቀመጥ፣ ሁለት ሁለት ጣቱን ፍሬኑ ላይ ያኑር፣ ሩቅ ይመልከት፤ ጓደኛው በጎን ቆሞ ክርኑ መታጠፉን፣ ትከሻው ከጆሮው መራቁን ይይ። ለደባርቅ የጠዋት ብርድ የሚለብሰውን ኮፍያም ያኔውኑ ያድርግ፤ የኮፍያው ጫፍ ዓይኑን ከጋረደው አገጩን የሚያነሳው መሪው ሳይሆን እሱ ነው።