ስም ያለውና ስም የሌለው ሐውልት

ከቡራዩ ተነስቶ በአስኮ ፒያሳ የሚገባ የጉብኝት አውቶቡስ በአንድ ጠዋት ሁለት ሐውልቶችን ያዳርሳል፤ የአቡነ ጴጥሮስንና የስድስት ኪሎውን የካቲት 12። የመጀመሪያው ለማስረዳት ቀላል ነው። አንድ ጳጳስ፣ ሐምሌ 1928 ዓ.ም፣ የጣሊያን ጥይት። ስም አለው፣ ፊት አለው፤ ልጆቹም ወዲያው ይገባቸዋል።

ችግሩ ስድስት ኪሎ ላይ ነው። እዚያ አስጎብኚ ቁጥር ይደረድራል፦ 1929 ዓ.ም፣ ሦስት ቀን፣ 30 ሺህ ሰው። ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ «በሉ እንሂድ!»

ቁጥሩ አይናቅም። ግን ሐውልቱም ራሱ ያግዘዋል ብዬ አላምንም። የዩጎዝላቪያዎቹ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ግፉን ከታች በነሐስ ቀርጸውታል፤ ዙሪያውን ካልዞሩት አይነበብም። ረጅሙ ድንጋይ ግን ዓይንን ሽቅብ ይስባል። ሰው የታረደው ደግሞ መሬት ላይ፣ በየጎጆው ደጃፍ ነው።

ስለዚህ መንገዱን መሻገር ነው። አብርሃም ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ያን ዕለት ግቢው በነዳያን ተሞልቶ ነበር፤ ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡት ናቸው መጀመሪያ የተረሸኑት። ለጳጳሱ ሐውልት ቆመ፣ ተገባም። ለነዳያኑ የቆመው ግን ስም የለበትም። አስጎብኚው ከቁጥሩ በፊት እነሱን ቢያነሳ፣ ልጆቹ ሽቅብ ማንጋጠጡን ትተው ዙሪያውን ይዞሩት ነበር።