በባሮ ዳርቻ የሚነበብ ፍቅር

የቀትር ሐሩር በጋምቤላ ከተማ ላይ በርትቶ ሰው ሁሉ ወደ ባሮ ወንዝ ዳርቻ የማንጎ ጥላ በሚሸሽበት ሰዓት፣ ሽፋኑ የተላጠ፣ የገጾቹም ጠርዝ በብዙ ጣት ላብ የጠቆረ የፍቅር ልብ ወለድ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ማየት እጅግ ደስ ያሰኛል። አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነውና፣ በቤቱ አኙዋክኛ ወይም ኑዌርኛ የሚናገር ወጣት በትምህርት ቤት የቀሰመውን ፊደል ለማመልከቻና ለፈተና ብቻ ሳይሆን ለልቡም ጉዳይ ይገለገልበታል።

በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲያነብ፣ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራችን የሚመጥን ባል የለም እያሉ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ያለ ትዳር ማቆየታቸው የጎጃም ነገር ብቻ መስሎ አይታየውም፤ ጥሎሹ በከብት በሚቆጠርበት በኑዌር ዘንድ ጋብቻ የሁለት ልቦች ብቻ ሳይሆን የሁለት ወገኖች ኪዳን መሆኑን አሳምሮ ያውቃልና። በዛብህ የተባለው ወጣት ሊያስተምራት ገብቶ፣ በመምህሩና በተማሪዋ መካከል በተዘረጋው መጽሐፍ ላይ ፍቅር ቀስ በቀስ ሲበቅል ግን (እኔ ከድርሰቱ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው) አንባቢው በእጁ የያዘውን መጽሐፍ ጭምር በአዲስ ዓይን ያየዋል። እንደ ሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ያሉ የኋላ ድርሰቶች ደግሞ ፍቅርን ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አምጥተው ለዛሬው ተማሪ አቀረቡለት።

ይህን ንባብ ሥራ ፈትነት የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ራሷ የፍቅር ዝማሬ የሆነውን መኃልየ መኃልይን ከቅዱሳት መጻሕፍት ተራ አላወጣችም። ወደ ጋምቤላ የምትጓዙ ወዳጆቼ ሆይ፣ ከስንቃችሁ ጋር አንድ ሁለት ልብ ወለድ ያዙ፤ ስትመለሱም እዚያው ለአንባቢ ትታችሁት ኑ።