በእንግሊዝኛ ራስን ማስተዋወቅ፦ በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች የቃለ መጠይቅ ሙያ

ከነገሌ ቦረና በፊልቱ በኩል እስከ ዶሎ አዶ በሚዘልቀው መስመር፣ እንዲሁም በያቤሎና በሞያሌ በሚገኙ የእርዳታና የልማት ድርጅቶች ቢሮዎች የሚካሄድ የሥራ ቃለ መጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው አመልካቹ ስለ ራሱ በእንግሊዝኛ እንዲናገር በመጠየቅ ነው። ከ2009 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ከቦኮልማዮ እስከ ቡራሚኖ ያሉት አምስት የሶማሊያ ስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች ከተከፈቱ ወዲህ፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮም ዝናብ ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች በመጥፋቱ በርካታ የአስቸኳይ ጊዜ ፕሮጀክቶች ወደ አካባቢው በመምጣታቸው፣ ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ሥራ ለአካባቢው ምሩቅ ዋነኛ የሥራ በር ከሆኑት አንዱ ሆኗል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ የነገሌው ልጅ በአፋን ኦሮሞ፣ የፊልቱው በሶማሊኛ ፊደል ቆጥሮ፣ አማርኛን በመንገድ ላይ ጨምሮ፣ እንግሊዝኛን ብዙ ጊዜ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ቋንቋው አድርጎ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል። ይሁን እንጂ ራስን በማስተዋወቅ ረገድ የሚታየው ችግር ከቃላት ማነስ ይልቅ ምን ማለት እንደሚገባ ካለማወቅ የሚመነጭበት ጊዜ ይበልጣል። በቦረና ሰላምታ ስለ ሰላም፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ይጠየቃል፤ እንግዳም በጎሳው ይታወቃል። በሶማሌውም ዘንድ የአያት ቅድመ አያት ስም መቁጠር የማንነት መግለጫ ነው። የሰው ሙያ በሌሎች አንደበት ሲመሰከር ያምራል ተብሎ በሚታመንበት ማኅበረሰብ ያደገ አመልካች ራሱን ማወደስ ስለሚከብደው፣ ወይ ስለ ትውልድ ቦታውና ስለ ቤተሰቡ ይዘረዝራል፣ ወይ ደግሞ ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ከሰው ጋር ተግባቢ የሚሉ የተሸመደዱ ቅጽሎችን ይደረድራል። ሁለቱም ለጠያቂዎቹ የሚመዘን ነገር አይሰጡም።

መፍትሔው ውዳሴን በምስክርነት መተካት ነው፤ ምስክርነት ሲባል አመልካቹ ምን እንደ ሠራ፣ የት፣ ከማን ጋርና በምን ውጤት እንደ ሠራ መናገር ማለት ነው። ለምሳሌ ለእንስሳት ጤና ባለሙያነት የሚወዳደር ሰው በመጀመሪያ አሁን የሚሠራውን፣ ቀጥሎ ከማኅበረሰብ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ጋር ሆኖ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን (ፒፒአር) ለመከላከል በየትኛው ቀበሌ ስንት ፍየል እንዳስከተበና አርብቶ አደሩን እንዴት እንዳሳመነ፣ በመጨረሻም ያ ልምድ ለተወዳደረበት የሥራ መደብ የሚጠቅምበትን ምክንያት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊናገር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ራሱን ሳያሞካሽ ብቃቱን አሳይቷል፤ ይህ አቀራረብ ብዙ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ከሚከተሉት ብቃት ተኮር ቃለ መጠይቅ፣ ማለትም ያለፈ ተግባርን በማስዘርዘር የወደፊቱን አፈጻጸም ከሚገምተው ዘዴ ጋርም ይስማማል።

የዓረፍተ ነገሩ አሠራርም ጥንቃቄ ይሻል። በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ግሥ በአብዛኛው በመጨረሻ የሚመጣ በመሆኑ ተናጋሪው ብዙ ሐሳብ አግተልትሎ በአንድ ማሰሪያ መዝጋት ይችላል፤ በእንግሊዝኛ ግን ግሡ ከባለቤቱ ቀጥሎ ካልመጣ ሰሚው ይደናገራል፤ ስለዚህ አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር ሦስት አጫጭር አድርጎ መናገር ይመረጣል። በአፋን ኦሮሞም ሆነ በሶማሊኛ የ«ፕ»ና የ«ቭ» ድምፆች በውሰት ቃላት ካልሆነ በቀር ስለማይገኙ፣ «ቫክሲን»፣ «ፕሮጀክት»፣ «ፒፒአር» የመሰሉ የሙያው ቃላት አስቀድመው ድምፅ ከፍ ተደርጎ ሊለመዱ ይገባል። ዘመን ሲጠቀስም በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በጁላይ 2021 ተመረቅሁ ካላለ፣ የውጭ አገር ጠያቂ የስምንት ዓመት ተጨማሪ ልምድ ያለው ሊመስለው፣ የትምህርት ማስረጃው ሲታይ ደግሞ ሐሰተኛ ሊያስብለው ይችላል።

ብዙ አመልካቾች የሚዘነጉት ትልቁ ሀብት ግን የቋንቋ ብዛታቸው ነው። ጠዋት በአፋን ኦሮሞ፣ ከሰዓት በሶማሊኛ ኅብረተሰቡን አወያይቶ ማታ በእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍ የሚችል ሰው ድርጅቱ በአስተርጓሚ የሚያደርገውን ሥራ ራሱ ይሠራል፤ ይህንንም በመግቢያው ላይ በግልጽ ሊናገረው ይገባል። ጠያቂዎችም በበኩላቸው የአነጋገር ዘዬን ከችሎታ ለይተው የመመዘን ኃላፊነት አለባቸው፤ ምክንያቱም የሚቀጠረው ባለሙያ አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ከአርብቶ አደሩ ጋር፣ በአርብቶ አደሩ ቋንቋ ነው። ከሌላ ሰው ተቀድቶ የተሸመደደ መግቢያ ጠያቂው ጣልቃ ገብቶ አንድ ጥያቄ ሲያነሳ ይቋረጣል፤ ከራስ ሥራ የተነሣ መግቢያ ግን፣ እንግሊዝኛው ቢሰባበርም እንኳ፣ ተናጋሪው የሚያውቀውን ስለሚናገር ከተቋረጠበት መቀጠል ይችላል።