የሚሳቅበት ድምፅ ነው ወይስ ሰው?

አዳማ ነው ያደግሁት፤ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሰፈር አማርኛ። በቴሌቪዥን ኮሜዲዎቻችን እንደ እናቴ ዓይነት አማርኛ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ዘበኛው ወይም የቤት ሠራተኛዋ ነው። አነጋገሩ ራሱ ቀልድ ሆኖ ስለሚቆጠር፣ ደራሲው ሌላ ቀልድ ለመጻፍ አይደክምም።

ግን እኮ አዲስ አበባም ውስጥ «ጸጉር»ን «ጠጉር»፣ «ጾም»ን «ጦም» የሚል ሞልቷል፤ ማንም አይስቅበትም። የምንስቀው በድምፁ ሳይሆን በተናጋሪው ነው ማለት ነው።

የኦሮምኛው «ዸ» ዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው። ኮምፒውተር «ዹፌራ»ን ከ«ዱፌራ» ይለያል፤ እኛ በ«ደ» ጽፈን እናልፋለን።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። እናቴ ስትደውል ስልኬን ይዤ ከቢሮ እወጣ ነበር። አሁን እዚያው ቁጭ ብዬ አነሳዋለሁ።